እጅ ሲወጣ አንገቱን የሚደፋው ሰው

ጋሽ መርዕድ ማረፉን የነገረኝ ከድር ነው። ከድር ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅና እህል የሚነግድ የወሎ ሰው ነው። ማታቱ ከሚባሉት ሚኒባሶች ሁለት ቀይሮ ከኢስሊ ጊጊሪ ድረስ መጥቶ፣ ከመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ቆሞ አስጠራኝ። ዘበኛው ስም ጠርቶ «እንግዳ አለሽ» ሲለኝ፣ ገና ደረጃውን ስወርድ ነገሩ ገባኝ። ከድር በሥራ ቀን ሱቁን ዘግቶ አያውቅም።

«እንዲህ ከምትለፋ በስልክ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አልኩት ኋላ፣ ለቅሶው በረድ ሲልልኝ።

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ፣ የሺ?» አለኝ። «ደግሞ ጋሼ ስልክ እንደማይወድ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ስልክ መጥላት የጀመረበትን ቀንም አውቃለሁ፤ አብሬው ነበርኩ። ግን ከዚያ ልጀምር አልችልም። ሰውየውን ያላወቀ ያንን ቀን አያውቀውም።

ከጋሽ መርዕድ ጋር የተገናኘነው በሥራ ነው። ናይሮቢ በገባሁ በዓመቱ ገደማ ጊጊሪ ካሉት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በአንዱ በአማርኛ ታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ስለ ክትባት፣ ስለ እርከን ሥራ፣ ስለ ንጹሕ ውሃ የተጻፉ መምሪያዎች ይመጣሉ፤ እሱ ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ እኔ እተይባለሁ። ረጅም፣ ትከሻው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ፣ ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ቀን «አቶ መርዕድ፣ እርስዎ» ብዬ ስጀምር ብዕሩን አስቀመጠና፣

«እርስዎ ስትዪኝ ስብሰባ ላይ ያለሁ ይመስለኛል» አለኝ። «ጋሼ በይኝ። አንተ በይኝ። ሥራው በጊዜ ያልቅልናል።»

ቢሮአችን ውስጥ አራት ነበርን፤ እኛ ሁለታችን፣ አለቃችን ወይዘሮ ዋንጂሩ የምትባል ኬንያዊት፣ አንድ ደግሞ ስዋሂሊ የሚተረጉም የሞምባሳ ሰው። ዓርብ ዓርብ ምሳ ውጭ እንበላለን። ታዲያ የት እንደምንበላ ለመወሰን ጋሽ መርዕድ ወረቀት ይቆርጣል። ሁላችንም የፈለግነውን ጽፈን፣ አጥፈን ባርኔጣው ውስጥ እንከታለን። ዋንጂሩ ትስቅበት ነበር። አንድ ዓርብ ርቧት ነው መሰለኝ፣ «ሚስተር መርዕድ፣ ዛሬ ወረቀቱ ይቅር፤ ሁላችንም ዓሣ ነው የምንፈልገው» አለች። የሞምባሳውም ሰው «ዓሣ»፣ እኔም «ዓሣ» አልን።

«አንቺ ስላልሽ ነው ያሉት» አላት። «አለቃቸው ነሽ።»

ወረቀቱ ተቆረጠ። ሲከፈት ሦስቱ ዶሮ ይላሉ። ዋንጂሩ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ይቅር ብላ አታውቅም።

እኛ እንደ ቀልድ እናየው ነበር። ለሱ ግን ቀልድ አልነበረም። በሀገር ቤት የሕግ ሰው ነበር። ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ሕገ መንግሥቱን የሚያሻሽል ጉባኤ ሲቋቋም፣ ለጉባኤው ጽሑፍ ከሚያዘጋጁት ወጣት የሕግ ባለሙያዎች አንዱ እሱ ነበር። ያኔ አንድ አሳብ አቅርቦ ነበር። እንዲህ የሚል፦ ሕዝቡ ማንን እንደሚመርጥ ከመጠየቁ በፊት እንዴት መምረጥ እንደሚፈልግ ይጠየቅ። የምርጫው ሥርዓት ራሱ በሕዝበ ውሳኔ ይጽና። ማንም መጥቶ እንዳያነሳው፣ ሰጪው ሕዝቡ ይሁን። ጽሑፉ ተራው ደርሶ ሳይነበብ ዘመን ተለወጠ፤ ጉባኤውም ተበተነ። እሱ ግን አሳቡን ይዞት ቀረ። ሰው ስለ ማን ይሾም፣ ማን ይውረድ ሲከራከር ሰምቶ ሰምቶ፣ «ማን ከማለታችን በፊት እንዴት እንበል» ይላል። ሌላም አባባል ነበረው። «ዓይን ያለበት ምርጫ፣ ምርጫ አይደለም፤ እጅ መንሻ ነው።»

በናይሮቢ ያለን ኢትዮጵያውያን የመረዳጃ ማኅበር ነበረን። የሞተ እንቀብራለን፣ የታመመ እንጠይቃለን፣ ስደተኛ ካምፕ ላለ እናዋጣለን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ኪሊማኒ ካለ አንድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ጓሮ አዳራሽ እንሰበሰባለን። ታዲያ እዚያ «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» በተባለ ቁጥር ጋሽ መርዕድ እጁን ያወጣል ወይም አያወጣም፤ አንገቱን ግን ሁልጊዜ ይደፋል። ጫማውን ያያል። ቆጠራው እስኪያልቅ ቀና አይልም። አንዳንዱ ጸሎት ይመስለው ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ኩራት ነው ይለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ላቪንግተን ሰፈር ልጠይቀው ሄድኩ። ከአንድ ትልቅ ቪላ ጓሮ፣ ለሠራተኛ ከተሠሩት ክፍሎች አንዱን ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከደጁ አቮካዶ ዛፍ አለ። ከጥላው ሥር ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ እጅ ሲወጣ አንገትህን ለምንድን ነው የምትደፋው?»

ብርጭቆውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

«በየነ የሚባል ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበረን» አለ። «ያስካለን የሠርግ ልብስ የሰፋው እሱ ነው።» አስካለ ሚስቱ ናት፤ አዲስ አበባ እናቷን ስታስታምም ቀርታለች። «አንድ ቀን የቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። አንድ ካድሬ ሊሾም ነው። እኔ የተማርኩ ነኝ ተብዬ ቆጣሪ ተደረግኩ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። እጅ እንደ ጫካ ቆመ። መሀል ላይ በየነ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።»

«ከዚያስ?»

«አየሁት። እሱም አየኝ። እኔ በሕይወቴ ቁጥር አዛብቼ አላውቅም። ያን ቀን ‹በሙሉ ድምፅ› አልኩ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ‹የአቶ በየነንም እጅ ቆጥረሃል?› አለኝ። በየነ ተነሣና፣ ‹እኔ አላወጣሁም፤ ከኋላ ስለሆንኩ እሱ አላየኝም› አለ። እኔን ለማዳን ነው። ከኋላ አልነበረም፤ መሀል ነበር።»

በየነን በዚያው ሳምንት ወሰዱት። አልተመለሰም። ጋሽ መርዕድም ብዙ ሳይቆይ በሞያሌ አድርጎ ወጣ። ድንበሩን ያሻገሩት የከድር ዘመዶች ናቸው፤ ከከድር ጋር የተዋወቁት ያኔ ነው።

«አንገቴን የምደፋው» አለኝ፣ «እጁ ያልወጣውን ሰው እንዳላይ ነው። ካየሁት ልዋሽለት ነው። ውሸቴ ደግሞ እንደማያድነው አውቄዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ስብሰባ ላይ እሱን ላለማየት እኔም ጫማዬን ማየት ለመድኩ።

ደርግ አዲስ ሕገ መንግሥት አርቅቆ ለሕዝብ ውይይት አቅርቦ፣ ቀጥሎም በሕዝበ ውሳኔ ይጸድቃል የተባለ ጊዜ ረቂቁ ናይሮቢም ደረሰ። አብዛኛው ሰው ርእሱን አይቶ ጣለው። ጋሽ መርዕድ ግን የምሳ ሰዓቱን ትቶ አነበበው። ዳር ዳሩን በእርሳስ ሞላው። ፊቱ ላይ አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር፤ የቸኮለ ሰው ፊት። ዓርብ ምሳ ቀረ። ዋንጂሩ «ታሟል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የሺ፣ ቃሉን ተጠቅመውበታል» አለኝ። «ሕዝበ ውሳኔ ብለው ጽፈውታል።»

«ጋሼ፣ እነሱ እኮ ናቸው የጻፉት።»

«አውቃለሁ። ቃሉ ግን የነሱ አይደለም።»

አንድ ገጽ የማትሞላ ጽሑፍ አዘጋጀ። ድምፅ በምሥጢር ይሰጥ፤ ለአንድ ወንበር ከአንድ ሰው በላይ ይቅረብ፤ ሕዝቡ እንዴት መምረጥ እንደሚፈልግ ከረቂቁ ተለይቶ ለብቻው ይጠየቅ። ይኸው ነው። በናይሮቢ ባለው ማኅበር ስም ወደ ሀገር ቤት እንዲላክ ፈለገ። «በኔ ስም ከሄደ ያንድ ስደተኛ ቅሬታ ነው» አለ። «በማኅበሩ ከሄደ ግን የዜጎች አሳብ ነው።»

ያን እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር። ጋሽ መርዕድ ጽሑፉን በቀስታ አነበበ። ሲጨርስ መጀመሪያ የተነሣው አቶ ግርማቸው ነው። ግርማቸው አየር መንገድ ቢሮ የሚሠራ፣ በማኅበሩ የተከበረ ሰው ነው፤ ሁለት ወንድሞቹ በአንድ ሳምንት አዲስ አበባ መንገድ ላይ ተገድለው ነው የተገኙት።

«ጋሽ መርዕድ» አለ፣ «አከብርሃለሁ። ግን ሌባ ቤትህን ዘርፎ፣ ልጆችህን ገድሎ ሲያበቃ፣ በሩን እንዴት ላሠራው ብለህ ትጠይቀዋለህ? ይሄን ወረቀት ስንልክ እኮ ሕገ መንግሥት አላችሁ ማለታችን ነው። የወንድሞቼን ደም ረግጬ አልፈርምም።»

ጋሽ መርዕድ ጽሑፉን ዝቅ አደረገ።

«ልክ ነህ» አለ። «እኔም ከነሱ ጋር መነጋገሬ አይደለም፣ ግርማቸው። የጠየቁት ሕዝቡን ነው። አንድ ጊዜ የተጠየቀ ሕዝብ መጠየቅ መብቱ መሆኑን ያውቃል። ዛሬ ጥያቄው ጠማማ ይሆናል። ነገ ቀና አድርጋችሁ ጠይቁኝ ይላል። ያን ነገር ዛሬ ካልጻፍነው ነገ ማን ያስታውሰዋል?»

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሣች። «እናቴ ደሴ ናት» አለች። «እኔ ስለ ደም አላውቅም፤ ስለ ሕግም አላውቅም። ስሜ ያለበት ማኅበር ይሄን ከላከ እናቴን ማን ይጠብቅልኛል?» ብላ ተቀመጠች። የሷ ንግግር ከግርማቸው ይልቅ ሰውን ነካው።

ሊቀመንበሩ «እንግዲህ የሚደግፍ እጁን…» ብሎ ሲጀምር ጋሽ መርዕድ አቋረጠው።

«ይቅርታ። በእጅ አይሆንም። ስለ ምሥጢር ምርጫ በእጅ ብንመርጥ መሳቂያ እንሆናለን። ደግሞ እዚህ ያለን ሰው ሁሉ እዚያ ሰው አለው።»

ከድር ኢስሊ ካለው ሱቁ በቆሎና ባቄላ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ቀድመው መክረውበታል። እያንዳንዱ አባል አንድ ፍሬ በቆሎና አንድ ፍሬ ባቄላ ተሰጠው። በቆሎ ማለት ይላክ፤ ባቄላ ማለት አይላክ። ከምግብ ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ክዳኑ የተበሳ ድስት ተቀመጠ። አንድ በአንድ እየገባን በር ዘግተን አንዱን ጣልን፤ የቀረውን ደግሞ ሲወጡ ካለው የውሃ በርሜል ውስጥ፣ ማንም ሳያየው። እኔ ምን እንደጣልኩ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እሱም አልጠየቀኝም። ያቺ እናቷ ደሴ ያሉ ሴት ገብታ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ፊቷ ግን ቅድም ከነበረው ቀለል ብሎ ነበር።

ድስቱ ትሪ ላይ ሲገለበጥ መቁጠር አላስፈለገም። ትሪው በባቄላ ጠቆረ፤ በቆሎው እዚህም እዚያም ብልጭ ይላል። ጋሽ መርዕድ ግን ቆጠረ። አንገቱን አልደፋም፤ እያንዳንዷን ፍሬ በጣቱ ወደ ጎን እያደረገ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ። ሲጨርስ ቀና አለ።

«አልተስማማችሁም» አለ። «አይላክም።»

ጽሑፉን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አንድ ሰው፣ «እንግዲያውስ በራስህ ስም ላከው፤ ማን ይከለክልሃል?» አለው።

«ጠይቄ ተመለሰልኝ እኮ» አለ። «መልሱን ካልወደድኩት መጠየቄ ለምን ነበር?»

ስንወጣ ግርማቸው በር ላይ ያዘው። ሊያጽናናው ፈልጎ ነው። «ጋሽ መርዕድ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ እዚያ ውስጥ ስገባ…»

«አትንገረኝ» አለው ትከሻውን ነክቶ። «ያንተ ነው። ያዘው።»

ግርማቸው ምን ሊለው እንደነበር አላወቅንም። እኔ ያን ጊዜ ባቄላ ነው የጣለው ብዬ ነበር። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ ሰው ራቀው። ቆራጦቹ ለደርግ የሚያስብ አሉት። ፈሪዎቹ ጣጣ የሚያመጣ አሉት። ለሰላምታ የሚቆሙለት ጥቂት ሆኑ። እሱ ግን አላኮረፈም፤ እሑድ እሑድ መምጣቱን አልተወም። የተሸነፈበት ምርጫ ለሱ ከዚያ በፊት ካያቸው ምርጫዎች ሁሉ የተሻለ ነበር መሰለኝ። አንድ ቀን እንዲያውም፣ «አየሽ፣ ማንም አልተወሰደም» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ።

የሰበረው ሌላ ነው።

የሕዝበ ውሳኔው እሑድ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ የአስካለን መልእክት አደረሰው። ቃል በቃል «እሑድ ስሄድ ያንተን ነገር አልረሳም በለው» ነው ያለችው። መንገደኛው ነገሩ አልገባውም፤ ሰላምታ መስሎታል። ጋሽ መርዕድ ግን ፊቱ ተለወጠ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቆ፣ «አብረሽኝ ነይ» ብሎኝ መሀል ከተማ ወዳለው ፖስታ ቤት ሄድን። በዚያ ዘመን ወደ ሀገር ቤት የሚደወለው ተመዝግቦ፣ ወረፋ ተጠብቆ ነው። እሷ የምትጠራው ጎረቤት ካለ ሱቅ ነው። ስማችን ተጠርቶ የመስታወት ሳጥኗ ውስጥ ሲገባ፣ ሙቀት ስለነበር በሩን በእግሩ ከፈት አድርጎ ያዘው። መስመሩ መጥፎ ነው፤ አስካለ ትጮኻለች፣ እኔም ውጭ ቆሜ እሰማለሁ።

ስለ ጤና፣ ስለ እናቷ ተጠያየቁ።

«እሑድ ትሄጃለሽ?» አላት።

«እሄዳለሁ። የማልሄድ መስሎህ ነው?»

«አስካለ…»

«የምለውን አውቄያለሁ። አንተ ስንት ዘመን ያወራህለትን ነገር እኔ ረስቼው ልግባ?»

መነጋገሪያውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አስካለ፣ ስሚኝ። እሺ በይ።»

«ምን አልከኝ?»

«እሺ በይ ነው የምልሽ። ሰው ሁሉ እንደሚለው እሺ ብለሽ ወደ ቤትሽ ግቢ። ሌላ እንዳታደርጊ።»

ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ። የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ዝግ ብላ፣ ልሰማት እስኪያቅተኝ ዝግ ብላ፣

«መርዕድ ነህ?» አለች።

«ነኝ።»

«አንተ ነህ እንዲህ የምትለኝ?»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ኦፕሬተሯ በእንግሊዝኛ ጊዜው አብቅቷል አለች፤ መስመሩ ተዘጋ።

ወደ ማታቱ ማቆሚያው ስንሄድ ሰው እየገፋን ያልፋል። እሱ አያየውም። አንድ ቦታ ላይ ቆመና፣ «መስመሩ ላይ ሰው ነበር ይመስልሻል?» አለኝ።

«አላውቅም ጋሼ። ሊኖር ይችላል።»

«ባይኖርም ግድ የለም» አለ። «ዛሬ ዓይኑ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ አላነሣም። ቢሮ ሲደወልለት እኔ ነበርኩ የማነሣለት። ዓርብ ምሳም ተመልሶ ነበር፤ ወረቀት መቁረጥ ግን ተወ። ዋንጂሩ አንድ ሁለቴ ራሷ ቆርጣ ባርኔጣውን ዘረጋችለት። «እናንተ ያላችሁት ይሁን» ይላታል። የምንበላውን ይበላል።

በዓመቱ ገደማ በኬንያም ሰው የሚመርጠው ከሚደግፈው ተወዳዳሪ ሥዕል ኋላ ተሰልፎ ነው ተባለ። የምርጫው ቀን ከጋሽ መርዕድ ጋር በማታቱ ስናልፍ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሰልፎቹን አየን፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። በአጭሩ ሰልፍ መጨረሻ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የማታቱው ሰው በመስኮት እያየ አስተያየት ይሰጣል። ጋሽ መርዕድ ጫማውን አየ። በማግስቱ ዋንጂሩ፣ «እናንተ ጋ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«እኛ ጋ እጅ ብቻ ነው የሚጠይቁን» አላት። «እናንተን መላ ሰውነታችሁን ጠየቋችሁ።»

ስትስቅ አላየኋትም።

ሕመሙ ደም ግፊት ነው ተባለ፤ ከዚያ ልቡ ነው ተባለ። ሆስፒታል ገብቶ ወጣ፤ እንደገና ገባ። እኔና ከድር እየተቀባበልን እናስታምመው ነበር። አስካለን ለማምጣት ከድር የማያውቀውን ሰው ሁሉ ለመነ። እናቷ ሞተው ነበር፤ አሁን የሚይዛት የለም፤ የመውጫ ፈቃድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። «ሞያሌ ድረስ ትምጣ እንጂ ከዚያ ወዲህ እኔ አለሁ» ይላል ከድር። ለጋሽ መርዕድ ልትመጣ እንደሆነ ስንነግረው ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ እንዳመነንም እንዳላመነንም አይታወቅም።

ከማረፉ በፊት ከሥራ ወጥቼ ልጠይቀው ስሄድ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የተኛ መስሎኝ ተቀመጥኩ።

«የሺ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «አስካለ ያን ቀን ምን ያለች ይመስልሻል?»

የትኛው ቀን ብዬ አልጠየቅኩም። «አንተ ያልካትን ይሆናላ፣ ጋሼ።»

ከንፈሩ ወደ ፈገግታ ሄደ። «አስካለን አታውቂያትም። በትዳራችን አንድ ቀን ሰምታኝ አታውቅም። ቁርስ ብዪ ስላት ምሳ ነው የምትበላው። ወደ ግራ ስላት ወደ ቀኝ ናት።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እምቢ ሳትል አልቀረችም። እኔ ያልኩትን አልፋ፣ ገብታ እምቢ ብላለች። ይሄን ሳስብ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ከድር ጊጊሪ መጥቶ ያስጠራኝ ከዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ነው።

ቀብሩ ላይ ያልመጣ አልነበረም። የራቁትም መጡ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ግርማቸው ነበር፤ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ተለዋጭ አልፈለገም። ዋንጂሩ ጥቁር ለብሳ ከሴቶቻችን መሀል ቆማ ስታለቅስ፣ ሰው ዘመዱ ትሆን እንዴ ብሎ ይጠይቅ ነበር።

እትዬ አስካለ የደረሱት ከቀብሩ በኋላ ነው። በጭነት መኪና፣ አቧራ ለብሰው፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዘው። ከድር ከሞያሌ ጀምሮ አብሯቸው ሲጓዝ መንገዱን ሙሉ ስለ ጋሽ መርዕድ በሕይወት እንዳለ ሰው ሲያወራ ነው የመጣው። ኋላ «ወላሂ፣ ከዚያ መንገድ የሚከብድ ሸክም ተሸክሜ አላውቅም» አለኝ። ኪሊማኒ ወዳለችው ቤቴ አምጥቶ አሳደራቸው። ጎሕ ሲቀድ ግርማቸውና ሌሎች ሽማግሎች መጥተው አረዷቸው። ቀልጠፍ ያሉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። አልጮኹም። «ስንመጣ ሰውየው ስለ እሱ ብዙ ሲያወራ ገብቶኝ ነበር» ብለው ከድርን አዩት፤ ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

ለቀስተኛው ቀለል ካለ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ብቻችንን ተቀመጥን። ከታች መንገዱ ላይ የማታቱ ረዳቶች መንገደኛ ይጣራሉ። እትዬ አስካለ ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ሥራ ካልሰጡኝ አልቀመጥም ብለው።

«ስልክ ሲደውል አብረሽው ነበርሽ አሉ» አሉኝ።

«ነበርኩ።»

«ያን ቀን ተናድጄ ነው ቤቴ የገባሁት። እሱ ሳይሆን ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። እምቢ ልል ነበር እኮ፤ ቆርጬ ነበር።» ምስሩን በጣታቸው አበጠሩ። «እሑድ ገባሁ፤ ወረቀቱን ሰጡኝ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም አያየኝም። እጄን ዘረጋሁ። ድምፁ መጣብኝ። እሺ በይ ያለው ድምፅ። ፈርቶ ነበር፤ እሱን ፈርቶ ሰምቼው አላውቅም። እሺ አልኩ።»

ከምስሩ አንዲት ጠጠር ለቅሜ ጣልኩ።

«በትዳር ዘመናችን ታዝዤው አላውቅም» አሉ። «የታዘዝኩት ያን ቀን ብቻ ነው።»

የሚለቅሙትን ትተው ወደ መንገዱ ተመለከቱ።

«አንስቶት ያውቃል? ምን አለች ብሎ ጠይቆሽ ያውቃል?»

ዓይናቸውን ከመንገዱ አልመለሱም፤ እየጠበቁ ነው።

«እሺ ብለው በሰላም እንዲገቡ ብቻ ነበር የሚፈልገው፣ እትዬ» አልኳቸው። «ደህና መሆንዎን ሲሰማ እንቅልፍ ይወስደው ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ወረደ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «እንግዲያው ደግ አደረግኩ» አሉና ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።

የቀረውን አልነገርኳቸውም።